«ቤት አልባው መንገደኛ» በመተማ ሲሰማ፤ ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ድርሰቶች የቀረበ አስተያየት

መግቢያ

አገራችን የኤውሮጳን የሙዚቃ ጥበብ ተምረው፣ በዚያው ጥበብ መሣሪያ የራሳቸውን ድርሰት ያቀረቡ ጥቂት ሰዎችን አፍርታለች። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ (1938–1998) የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር ከሆኑ በኋላ የቀረውን ዕድሜያቸውን በአሜሪካ በማስተማርና በምርምር ፈጸሙ። አቶ ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ በቡልጋርያ ዋና ከተማ በሶፍያ ፒያኖ ተምረው ወደ አገራቸው በመመለስ የኢትዮጵያን ዜማ በፒያኖ ሲያሰሙ ቆይተዋል። ነገር ግን በውጭ አገር ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የታወቀው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው፣ በ99 ዓመታቸው መጋቢት 26 ቀን 2023 እዚያው ዐረፉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእማሆይን ታሪክ እንደገና መተረክ ብቻ አይደለም። ሥራቸው ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ጥንካሬውና ጉድለቱስ ምን እንደ ሆነ ለመመርመር ነው። ስለ እሳቸው የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ምስጋና ሲሆን ምስጋናውም የሚበዛው ከውጭ አገር ሰዎች ነው። እኛ ግን ሥራቸውን ገና አልመዘንነውም። ያልተመዘነ ነገር ደግሞ የራስ ሀብት ሆነ ማለት አይቻልም።

ጸሐፊው የመተማ ሰው ነው። ይህን መናገሩ ለመመካት ሳይሆን፣ አስተያየቱ ከየትኛው ጆሮ እንደ መጣ አንባቢው እንዲያውቅ ነው። መተማ ዮሐንስ በሱዳን ወሰን ላይ ያለች፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1889 ከድርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ከተማ ናት። ከወዲያ ማዶ ገላባት አለች። ከቆላው ሙቀት ጋር የሱዳን ዘፈንና የደገኛው ዘፈን በአንድ ገበያ ውስጥ ይሰማሉ። ሰሊጥ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ወራት «ሳሉግ» የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከደጋው በብዛት ይወርዳል፤ ከቤቱ ርቆ በዳስ ያድራል። እንግዲህ በእኛ አገር ቤት አልባ መንገደኛ ማለት በየዓመቱ የሚታይ ሰው እንጂ የቅኔ ምሳሌ አይደለም።

የሕይወታቸው ታሪክ በአጭሩ

እማሆይ በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸው የውብዳር ገብሩ ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በኤውሮጳ የተማሩ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ የቤተ ሰቡ ስም ከጎንደር ጋር የተያያዘው እማሆይ ራሳቸው ወደዚያ ከመሄዳቸው አስቀድሞ ነው።

በስድስት ዓመታቸው፣ በ1929፣ በኋላ በትምህርትና በሥነ ጽሑፍ ከታወቁት ከእኅታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊስ አገር ተልከው አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ቫዮሊን መማር የጀመሩትም በዚያ ነው። በ1933 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጣልያን አገሪቱን በያዘ ጊዜ በ1937 ከቤተ ሰባቸው ጋር ተግዘው በመጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በናፖሊ አጠገብ ወዳለችው ወደ መርኮሊያኖ ተወሰዱ። ከነጻነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በዚያን ጊዜ በቀን አራት ሰዓት ቫዮሊን፣ አምስት ሰዓት ፒያኖ ይለማመዱ ነበር። መምህሩም ኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ አስተማሪ ሆነዋል።

ቀጥሎ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በሎንዶን ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ለመቀጠል ዕድል አግኝተው ነበር፤ ነገር ግን ሳይፈቀድላቸው ቀረ። በዚህ ኀዘን ምግብ ትተው እስከ ሞት ደረሱ። ከተረፉ በኋላ ሙዚቃን ትተው ወደ ግሸን ማርያም በመሄድ መነኮሱ፤ በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ሲሄዱ ኖሩ። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ወደ ፒያኖም ተመለሱ።

ለዚህ ጥናት ዋናው ከዚህ የሚቀጥለው ዘመን ነው። በ1960ዎቹ እማሆይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት በጎንደር ተቀመጡ። በዚያም የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። ጎንደር የዜማ ትምህርት አገር ነው፤ በተለይም በዓታ የአቋቋም ትምህርት ምንጭ መሆኑ የታወቀ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣው ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየቤቱ ደጃፍ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል፤ ማታ ጎጆ ካላገኘ በደጅ ያድራል። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው አሰቡ። በ1960ዎቹ በጀርመን አገር የታተሙት ሸክላዎቻቸው የዚህ አሳብ ፍሬ ናቸው፤ ገቢውም ለችግረኞች ልጆች ተሰጠ።

የሥራዎቹ መሰማት

ከ1960ዎቹ ሸክላዎች በኋላ ድርሰቶቹ ለብዙ ጊዜ የሚያውቋቸው ጥቂቶች ነበሩ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኤትዮፒክ» የተባለው ተከታታይ እትም በ2006 ሃያ አንደኛውን ክፍል ለእሳቸው ፒያኖ ሲሰጥ ስማቸው በዓለም ተሰማ። በ2013 ፒያኖ ተጫዋቿ ማያ ዱንየትስ የደከመችበት የኖታ መጽሐፍ በኢየሩሳሌም ወጣ። «ፓሲንግ» የተባለው የ2021 የአሜሪካ ፊልም «ቤት አልባው መንገደኛ» የተባለውን ድርሰት ተጠቀመበት። ከሞታቸው በኋላም በ2024 ራሳቸው በአማርኛ የዘፈኗቸውና በደርግ ዘመን በቤታቸው በካሴት የቀዷቸው መዝሙሮች ታተሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታየት አለበት። «ኤትዮፒክ» በአብዛኛው የአዲስ አበባን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹን የዳንስ ባንዶች፣ እንዲሁም የአቶ ሙላቱ አስታጥቄን ጃዝ የያዘ ነው። የእማሆይ ፒያኖ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ስለ ተገኘ፣ የውጭ አገር ሰሚ ከመስማቱ አስቀድሞ ጃዝ ወይም ብሉዝ ብሎ ሰየመው። ስያሜውን ያመጣው እንግዲህ የዕቃው ማስቀመጫ ነው እንጂ ዕቃው ራሱ አይደለም።

ክርክሩ፤ ጃዝ ነው፣ ኤውሮጳዊ ነው፣ ወይስ ያሬዳዊ?

ሦስት አሳቦች አሉ። የመጀመሪያው ጃዝ ወይም ብሉዝ ነው የሚለው ነው። ለዚህ የሚቀርበው ማስረጃ የአምስት ድምፅ ቅኝትና የሚያዝን ጠባይ ነው። ነገር ግን የአምስት ድምፅ ቅኝት የማንም የግል ርስት አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሁሉ ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። የሱዳንም ዘፈን በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ የመተማ ሰው የኦምዱርማንን ዘፈን ቋንቋውን ሳያውቅ አብሮ የሚያንጎራጉረው በዚህ ምክንያት ነው። ገላባት ላይ የሚዘፈነውን ማንም ብሉዝ አይለውም። ስለዚህ በድምፆቹ ቍጥር ብቻ ዘር መቍጠር አይቻልም። ከዚህም በላይ ጃዝ የሚቆመው በጸና ምት ላይ ነው፤ የእማሆይ ዋና ዋና ድርሰቶች ግን ምታቸውን በየጊዜው የሚለቁ ናቸው።

ሁለተኛው አሳብ ሥራው የኤውሮጳ ፒያኖ ነው፣ የሾፓን ልጅ ነው የሚል ነው። ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ለእውነት ይቀርባል። በስዊስና በካይሮ የተማረች እጅ የተማረችውን አትረሳም። በ«የባሕር መዝሙር» ግራው እጅ እንደ ማዕበል ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ፣ በሌሎችም የቫልስ እርምጃ ሲሰማ፣ የዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የኤውሮጳ ሳሎን ይታወሳል።

ሦስተኛው አሳብ በአገራችን ሰዎች ዘንድ የሚወደደው ነው፤ ይኸውም «ይህ የያሬድ ዜማ ነው» የሚል ነው። ይህ አሳብ በጎ ቢሆንም ያለ ምርመራ ከተነገረ ከሌሎቹ አይሻልም። መነኩሴ የጻፈችው ሁሉ ዜማ አይሆንም።

ጸሐፊው ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ፣ በዕረፍት ጊዜ ወደ መተማ ወርዶ «ቤት አልባው መንገደኛ»ን በስልክ ለሁለት ሰዎች አሰማ። አንደኛው ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ ወጣት ነበር። ጥቂት ደቂቃ ታግሶ ከሰማ በኋላ «ወንድሜ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ። ሁለተኛው በጎንደር የተማሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ልጄ፣ ቀኝ እጁ ተማሪ ቤት ገብቷል፤ ግራ እጁ ግን ፈረንጅ ነው» አሉ። ጸሐፊው «አባ፣ ታዲያ ዜማ ነው ይሉታል?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ዜማስ አይደለም፤ ዜማን የሰማ ሰው ነው» ብለው መለሱ።

ሁለት ሰው ጠይቆ ጥናት አደረግሁ ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ሁለቱ መልሶች ጥያቄውን ከብዙ ጽሑፍ ይልቅ አጥርተውታል። የወጣቱ ጥያቄ ምት የት አለ የሚል ነው፤ የመሪጌታው መልስ ደግሞ የሁለቱን እጆች ሥራ ለይተን እንድንሰማ ይመራናል።

የቀኝ እጅ ሥራ

ፒያኖ አንድ የማይድን ጉድለት አለው። እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ የተወሰነ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ከተመታም በኋላ ድምፁ እየሞተ ይሄዳል እንጂ አይንሸራተትም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ ስቦ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ መሪጌታም በጉሮሮው እንዲሁ ያደርጋል። ለኢትዮጵያ ዜማ ይህ መሻገር ጌጥ ሳይሆን ሥጋው ነው። የዜማ ምልክቶቻችን፣ ማለት ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ፣ አብዛኞቹ የሚያመለክቱት ድምፁ የትኛው መሆኑን ሳይሆን ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ ነው። እንግዲህ ዜማን በፒያኖ ለማቅረብ የሚሻ ሰው የማይንሸራተተውን መሣሪያ የሚንሸራተት ማስመሰል አለበት።

እማሆይ ይህን ያደረጉት በሁለት መንገድ ይመስላል። አንደኛው ዋናውን ድምፅ ከመምታታቸው በፊት የጎረቤቱን ቁልፍ በፍጥነት ነክቶ ማለፍ ነው። ሁለተኛው አንዱን ድምፅ በጥድፊያ እየደጋገሙና እያንቀጠቀጡ ወደ ታች ማውረድ ነው። ርክርክን የሚያውቅ ጆሮ ይህን ሁለተኛውን ሲሰማ አይሳሳትም። ሐረጉ ሲፈጸምም ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ይደፋል፤ ከዚያ ዝምታ ይከተላል። የዝምታው ርዝመት በምት የተለካ ሳይሆን ዜመኛ ትንፋሽ የሚወስድበትን ያህል ነው። ወጣቱ «ዘፈኑ መቼ ይጀምራል?» ያለው ስለዚህ ነው። ምት የሚጠብቅ ሰው ትንፋሽን አይቈጥርም።

ተቃዋሚ «ሾፓንም ያንቀጠቅጣል፣ ምቱንም ይለቃል» ይል ይሆናል። እውነት ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ በሾፓን ዘንድ ጌጡ የሚያርፈው በሚንቀሳቀስ ስምምነት ላይ ነው። ግራው እጅ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተዛወረ ታሪኩን ይወስዳል፤ ቀኙ ያስጌጠዋል። በእማሆይ ዘንድ ግን ግራው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቦታ ይቆያል፤ ታሪኩን የሚወስደው ጌጡ ራሱ ነው። ጌጡን ከሾፓን ብናወጣ ቀጭን ቢሆንም ድርሰቱ ይቀራል፤ ከእማሆይ ብናወጣ ግን ምንም አይቀርም። ይህ በጸሐፊው አስተያየት የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ድንበር የሚያሳይ ምልክት ነው። ግራው እጅ የካይሮ ነው፤ የቀኙ እጅ አካሄድ ግን ዐሥር ዓመት የግሸንን ማኅሌት፣ ከዚያም የጎንደርን ጉባኤ ቤት ከሰማ ጆሮ የወጣ ነው። መሪጌታው እንዳሉት ዜማ አይደለም፤ ዜማን የሰማ ሰው ሥራ ነው።

ስለ ጉድለቱ

የሰውን ሥራ ማክበር ጉድለቱን መደበቅ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ግራው እጅ በአንድ ቦታ መቆየቱ ጥንካሬ እንደ ሆነ ሁሉ ድካምም ይሆናል። ብዙዎቹን ድርሰቶች በተከታታይ የሰማ ሰው ያው አጃቢ እንደገና መምጣቱን ያስተውላል፤ ቀኙ እጅ የሚለው አዲስ ነገር ባጣበት ቦታ ሙዚቃው ይቆማል። ሁለተኛ፣ የድርሰቶቹ አርእስት («የእናት ፍቅር»፣ «ናፍቆት»፣ «የዕብድ ሰው ሣቅ») እጅግ የሚስቡ በመሆናቸው ሰሚው ሙዚቃው ያላለውን ከአርእስቱ አንብቦ ይሞላዋል። የ«የዕብድ ሰው ሣቅ»ን አርእስት ሰውረን ብናሰማ ስንቱ ሰው ሣቅ እንደሚሰማው ያጠራጥራል። ሦስተኛ፣ በዓለም የታወቀው በአጭሩ ቅርጽና በአንድ መሣሪያ የተደረሰው ነው። በዚህ ብቻ ስለ ሙሉ ችሎታቸው መፍረድ አስቸጋሪ ነው፤ ለመፍረድ የሚያስፈልገው ሥራ በሰፊው አልተሰማምና።

ይሁን እንጂ አጭር ቅርጽ ሁሉ ትንሽ አይደለም። በዘመናችን ከታላላቆቹ የሙዚቃ ደራስያን አንዱ የሚባለው የዩክሬን ሰው ቫለንቲን ሲልቬስትሮቭ በ1937 በኪየቭ ተወለደ። በ2022 አገሩ በጦርነት ስትያዝ በ84 ዓመቱ ተሰዶ ወደ በርሊን ገባ። ይህ ሰው ታላላቅ ሲምፎኒዎችን ከጻፈ በኋላ በሽምግልናው ዘመን ዋናውን አሳቡን ባጋቴል በሚባሉ እጅግ አጫጭርና ዝግ ያሉ የፒያኖ ድርሰቶች ውስጥ አኖረ። ሁለቱ በትምህርትም በሃይማኖት ልማድም የተለያዩ ናቸው፤ ግን ስደት ያገኘው ሽማግሌ ብዙ ድምፅ እንደማያስፈልገው የሁለቱም ሥራ ይመሰክራል። ልዩነታቸው ግን ለእኛ ተግሣጽ ነው። የሲልቬስትሮቭን ድርሰት የአገሩ ልጆች በኮንሰርቫቶሪ ያጠኑታል፤ የእማሆይን ድርሰት በኖታ አጥንቶ የሚጫወት ተማሪ ከእኛ መካከል ስንት ነው?

የስደቱ ነገር

በ2024 የታተሙት መዝሙሮች ለዚህ ጥናት አዲስ ብርሃን ይሰጣሉ። እማሆይ እነዚህን በ1977 እና በ1985 መካከል በራሳቸው ድምፅ ሲቀዱ የአገራቸውን ሁኔታና ከአገር የመለየትን ኀዘን በአማርኛ ተናገሩ። ድምፃቸው የዘፋኝ ድምፅ አይደለም፤ ቀረጻውም የቤት ነው። ነገር ግን ቃል የተጨመረበትን ዜማ ከሰማን በኋላ ቃል የሌለውን ፒያኖ ስንሰማ፣ ቀኙ እጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲናገር እንደ ነበር እንረዳለን። የሐረጎቹ ርዝመት የአማርኛ ንግግር ርዝመት ነው። ምቱ የሚለቀቀው ቃሉ ስለሚጠይቅ ነው።

እማሆይ ባረፉ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2023፣ የሱዳን ጦርነት ተጀመረ። ከዚያ በኋላ በገላባት በኩል ብዙ ሰው፣ ሱዳናዊውም፣ በሱዳን ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊም፣ የሌላም አገር ሰው፣ ዕቃውን በራሱ ተሸክሞ መተማ ገባ። በኤውሮጳና በአሜሪካ ጋዜጦች ስለ «ቤት አልባው መንገደኛ» ደራሲ የሐዘን ጽሑፍ ሲነበብ፣ መንገደኛው በእኛ ከተማ ውስጥ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ነበር። ጸሐፊው ይህን የሚያነሣው ሙዚቃውን ከጦርነቱ ጋር በግድ ለማያያዝ አይደለም። ድርሰቱ ከማን ወገን እንደ ሆነ ለማሳሰብ ነው። ይህ ሙዚቃ የፊልም ማጀቢያና የዕረፍት ጊዜ ማጣፈጫ ከመሆኑ በፊት ዓላማው ደጅ ለሚያድር ልጅ እንጀራ መግዣ ነበር። ያንን የረሳ አድናቆት ድርሰቱን ግማሹን ብቻ ሰምቷል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው የሚከተለውን ማጠቃለል ይቻላል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ሥራ ጃዝ አይደለም፤ የያሬድም ዜማ አይደለም። በኤውሮጳ ትምህርት የተገራች ግራ እጅና በማኅሌት የተገራች ቀኝ እጅ በአንድ መሣሪያ ላይ የተገናኙበት፣ ለቀኙ እጅ የሚያደላ የግል ጥበብ ነው። ጉድለቱ የግራው መደጋገም ነው፤ ኃይሉ ፒያኖን እንደ ጉሮሮ ማናገሩ ነው።

ይህ አስተያየት ግን በጆሮ ብቻ የተደረገ ስለ ሆነ መፈተን አለበት። ፈተናውም አስቸጋሪ አይደለም። የታተመውን ኖታ በአንድ ወገን፣ የድጓውን ምልክቶች በሌላ ወገን አስቀምጦ፣ አንድ የፒያኖ ተማሪና አንድ መሪጌታ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሐረግ በሐረግ ቢያስተያዩት፣ ርክርኩ በእውነት ርክርክ መሆኑና አለመሆኑ ይታወቃል። ለዚህ ሥራ ከጎንደር የተሻለ ቦታ የለም፤ ሊቃውንቱም ዩኒቨርሲቲውም በአንድ ከተማ ውስጥ ይገኛሉና። መምህሮቻችን ይህን ለአንድ የመመረቂያ ጥናት አርእስት አድርገው ቢሰጡ፣ የጸሐፊው አሳብ ስሕተት ሆኖ ቢገኝም እንኳ ጥቅሙ ይበልጣል።

ወደ መተማው ወጣት ጥያቄ ልመለስ። «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» ላለው ጸሐፊው በዚያን ጊዜ መልስ አልነበረውም። ዛሬ ቢገናኙ «ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው ጀምሯል፤ እየተናገረ ስለ ነበር ነው ያልሰማነው» ይለው ነበር።